ለሁለቱም እግር

አባቷ ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማችው ፊቷን በሳሙና ለቅልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና የውሃውን ጆግ በዳበሳ ስትፈልግ ነው። ሱቁንና መኖሪያውን የሚለየው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ወዲህ ማዶ «ይማርህ» ማለት የተለመደ ነው። አባቷ ስልክ ሲያወራ ደግሞ ሰውዬው ከተራራ ማዶ ያለ ይመስል ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዛሬ ግን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። «ልክ ነሽ ልጄ» አለ። አዳመጠ። «የለም፣ የለም፣ ጥፋቱ የእጄ ነው። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ አቃጠላት፤ እሷ ግን ውሃውን መፈለግ ትታ ቆማ ቀረች። አርባ ሁለት ዓመት ጫማ የሠራ፣ ክር ሳይለካ በጥሶ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ልክ የሚያልቅለት ሰው ነው። ዓይኔ ደከመ ሲል ሰምታው አታውቅም።

ቤት ውስጥ «ትንሿ» ነው የምትባለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ ግን በዚያ ቤት ለማደግ ፈቃድ ያገኘው ታላቅ ወንድሟ ብቻ ስለነበር እሷ ትንሿ እንደሆነች ቀረች። ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሱቁ ስትወጣ አባቷ አጭሩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ፣ በበሩ ስንጥቅ በገባችው የጠዋት ፀሐይ ውስጥ የሚንሳፈፈውን የቆዳ ብናኝ ያያል። ማን እንደደወለ ጠየቀችው። ያቺ የሒሳብ መምህርት ናት አላት፤ ጫማው ትናንት ደርሷት አልሆናትም። ምን አለችህ ብትለው ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ አላት። አባቷ የማይወደውን ጥያቄ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ ሻይ አያጣም።

ሻዩን ትታ ስልኳን አነሳች። የሽያጭ ገጹን የከፈተችው ከአምስት ወር በፊት፣ ትሠራበት የነበረው የፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቶ እጇን አጣጥፋ በተቀመጠች ሰሞን ነው። መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ነበር ያደረገችው፤ የአባቷን ጫማዎች አበባ ባለበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ ደርድራ ፎቶ አነሳች፣ «ታላቅ ቅናሽ» ብላ ጻፈች፣ «ጥራትን ከእኛ» ብላ ጨመረች፣ ሦስት እሳት የሚመስል ምልክት አከለችበት። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ገጹ ላይ ዝንብ አላረፈበትም። ከጎናቸው የፋብሪካ ጫማ በዘጠኝ መቶ ይሸጣል፤ የአባቷ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው፤ ከዚያ ላይ ሁለት መቶ ብታወርድ ማን ዞር ብሎ ሊያያት። ላይክ የሚያደርጉላት የአክስቷ ልጆችና የሁሉንም ሰው ፎቶ የሚወድ አንድ የማታውቀው ሰውዬ ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን አንዲት ሴት መልእክት ጻፈችላት። አንድ እግሬ ከሌላው በሁለት ቁጥር ይበልጣል፣ ዕድሜ ልኬን ሁለት ጥንድ እየገዛሁ ግማሹን ስጥል ኖሬአለሁ፣ አንድ ጥንድ የሚሠራልኝ ሰው ይኖራል ወይ የሚል ነበር። ትንሿ ይህን ለአባቷ ስታነብለት ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል «ምን ችግር አለው፣ እኔ እንደሆነ ጫማ የምሠራው አንድ በአንድ ነው» አላት። የዚያኑ ቀን ቅናሹንም እሳቱንም አጥፍታ የገጹን ስም «ለሁለቱም እግር» አለችው። በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ ትእዛዝ መጣ። በዋጋ የተከራከራት አንድም አልነበረም። ሰው ለካ ዋጋ የሚከራከረው ሌላም ቦታ የሚያገኘውን ነገር ሲገዛ ነው።

ከዘጠኙ ስድስቱ ደርሰው ባለቤቶቻቸው መርቀዋቸዋል። ሰባተኛዋ መምህርቷ ነበረች። ትናንት አመሻሽ ላይ የጫማውን ፎቶ ለጥፋ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፤ «ለሁለቱም እግር ብለው ለአንዱም አልሆኑም።» ነገሩ እንደ ተረት አፍ ላይ የሚጥም ስለሆነ ሠላሳ አራት ሰው ተቀባብሎታል። ሌቦች ናቸው ያለ አለ፣ በሰው ጉዳት ይነግዳሉ ያለ አለ፣ አንዱ ደግሞ ጫማውን ረስቶ ስለ ቤት ኪራይ መወደድ አንድ ገጽ ጽፏል። ተራ ይጠብቁ የነበሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ደንበኞች በአንድ ሰዓት ልዩነት ትእዛዛቸውን ሰርዘዋል፤ አንደኛዋ «ይቅርታ» ብላ፣ ሌላው ምንም ሳይል። 

ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል፤ በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ኃላፊ ስለሆነ ሰው ሁሉ ሊያጭበረብር የመጣ ይመስለዋል፤ ደመወዙም ለዚያ ነው። የሥራ ባልደረባው ፖስቱን አሳይቶታል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ድክም ባለ ድምፅ፣ እኔ መጀመሪያም ላም አለኝ በሰማይ ነው ብዬሽ ነበር፣ አሁን ደግሞ አባዬን በስተርጅና ሌባ አስባልሽው አላት። ከዚያ ወደ ሱቁ ጉዳይ ገባ። የመዋቢያ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የፊቱን ክፍል ለመከራየት አንድ ወር ሙሉ ደጅ ጠንቷል፤ ዛሬ ቁርጡን ካላወቀ ሌላ ቤት ሊይዝ ነው። ወንድሟ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ነገሩን ይጨርሳል። አባዬ ዕድሜ ልኩን ጎንብሶ ነው የኖረው፣ እስቲ ጥቂት ቀን ቀና ብሎ ይኑር አለ። ይህንን ሲል ከልቡ ነበር። «እሺ ጋሽዬ» ብላ ዘጋች።

አባቷ ንግግሩን ሰምቶ እንደሆነ ለማወቅ አየችው። ወስፌውን በአሮጌ ሳሙና ላይ እየወጋ ያለሰልሳል። እውነት ተሳስተህ ነው ወይ ስትለው ተነሳና ከመደርደሪያው የመምህርቷን የቆዳ ልክ የቆረጠበትን ካርቶንና ጫማው የተወጠረባቸውን ሁለት የእንጨት ፎርማዎች አምጥቶ ፊቷ ደረደረ። ቀኙ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ግራው ሠላሳ ሰባት። ትንሿ መምህርቷ የላከችውን ፎቶ ስልኳ ላይ ፈልጋ አወጣች። ደንበኞቿን ሁሉ እንዲህ ነው የምታዛቸው፤ ሁለቱን እግር ወረቀት ላይ አቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ይስላሉ፣ ፎቶውን ይልካሉ፣ ርዝመቱን በሴንቲሜትር በመልእክት ይጽፋሉ። መምህርቷ «ትልቁ ሃያ አምስት፣ ትንሹ ሃያ ሦስት ተኩል» ብላ ጽፋለች። በፎቶው ላይ ደግሞ ትልቁ፣ በማያሻማ ሁኔታ፣ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ያደረገ የቀኝ እግር ነው። አባቷ አልተሳሳተም። እሷም አልተሳሳተችም። ፎቶው እንደ ዳኛ ፊቷ ተቀምጧል። ደስታ ይሁን ንዴት የማታውቀው ነገር ደረቷን ሞላውና መጻፍ ጀመረች፤ «ውድ ደንበኛችን፣ ሰው ሌባ ከማስባልዎ በፊት የራስዎን ቀኝና ግራ ቢለዩ መልካም ነው። ማስረጃው ከታች ተያይዟል።» ጽፋ ጮክ ብላ አነበበችለት።

አባቷ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አዳመጣት። ጥሩ ተጽፏል አለ። ግን አትላኪው።

«ታዲያ ሳታጠፋ ለምን ይቅርታ ጠየቅካት?»

«ይቅርታ ቆዳ አይፈጅም» አላት። ወስፌውን አስቀመጠ። «ልጅቷ ስታወራ ድምፅዋ ይሰባበር ነበር። ጫማው አልሆነኝም ነው ያለችው፤ አልሆናትማ። እግሯ ያልገባበትን ጫማ በወረቀት ልክ ነው ብንላት ምን ይረባታል? ሂጂና እግሯን እዪው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ጻፊ።»

ሜትሩን፣ ሁለት ትልልቅ ወረቀትና ጫፉ የተቀረጸ እርሳስ በፌስታል አድርጎ ሰጣት። እግር ስትለኪ ሰውየው ቆሞ እንጂ ተቀምጦ እንዳይሆን፣ እግር ክብደት ሲሸከም ነው ራሱን የሚገልጠው ብሎ አስጠነቀቃት። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ ግን እሷ ራሷ የሰው እግር ለክታ አታውቅም። አምስት ወር ሙሉ ጫማ ስትሸጥ ከአንድም ደንበኛ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየችም።

ትምህርት ቤቱ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። በመጀመሪያው ውስጥ ቆማ አስተያየቶቹን ደግማ አነበበች፤ በሁለተኛው ወንበር አግኝታ ሦስተኛ ጊዜ አነበበች። ሌባ ያላት ሰው የፕሮፋይል ፎቶው ላይ ሕፃን ልጅ አቅፎ ይስቃል። ይህ ሰው ጎረቤቷ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይላት ነበር፤ ምናልባት ዕቃ ከብዷት ቢያይ ያግዛት ነበር። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋችው። የምትለውን ነገር ለማሰናዳት ሞከረች። ለመሳደብም ለመለመንም የሚሆን አንዳንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅታ ሁለቱንም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ጣለቻቸው፤ ዘበኛው ማንን ፈልገሽ ነው ሲላት «የጫማ ሰሪ ልጅ ነኝ» ብላ ያልተጠየቀችውን መለሰችለት።

የመምህራን ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይመሳሰሉ ወንበሮችና እስከ ጣሪያ የተቆለለ የፈተና ወረቀት ያለበት ነው። እረፍት ሰዓት ስለነበር አምስት ስድስት መምህራን ሻይ ይዘው ያወራሉ። የሒሳብ መምህርቷ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ደብተር ታርማለች፤ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ ቀይ እስክሪብቶ እንደ መርፌ የምትይዝ ሴት ናት። ትንሿ ማን እንደሆነች ስትነግራት ወሬው ከጠረጴዛው ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ጫማውን እዚሁ ክፍል ውስጥ ሁሉም አይተውታል ማለት ነው። መምህርቷ ፊቷ ቀላ። «ልትሳደቢ ከሆነ ደወል ሳይደወል ፈጥነሽ ጨርሺ» አለች ቀስ ብላ።

«የለም፣ ልለካዎት ነው የመጣሁት» አለች ትንሿ። «ይቅርታ፣ መጀመሪያም መጥቼ መለካት ነበረብኝ።»

መምህርቷ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ከዚያ ሰው ፊት አይሆንም ብላ ተነሳች። ስትራመድ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ አንድ ወገን ታዘነብላለች፤ ካልተነገረ በቀር ማንም የማያውቀው ዓይነት። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ የተሰባበሩ ዴስኮችና አሮጌ ካርታዎች የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ አስገብታት በሩን ገርበብ አደረገችው። ጫማዋን ስታወልቅ ከቀኙ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጥጥ ወደቀ። ፈጥና በእጇ ሸፈነችው፤ ከዚያ ደግሞ ምን ዋጋ አለው በሚል ዓይነት እጇን አነሳች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥጥ ስጠቀጥቅ ኖሬአለሁ አለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ጥጡ ይንሸራተታል፤ ያኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ያሉት ልጆች እግሬን እንጂ ሰሌዳውን አያዩም። ጫማው ሲደርስ ካርቶኑን የከፈተችው መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ፊት ነበር። ስንት ቀን ሙሉ ስታወራላቸው ከርማለች። እስቲ አድርጊው አሏት። አደረገችው፤ ትንሹ ውስጥ ትልቁ እግር አልገባም፣ ትልቁ ውስጥ ትንሹ እግር እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ሰው አልሳቀም። ስቀው ቢሆን ይሻል ነበር አለች፤ አንዱ መምህር ተነስቶ ሻይ ልቅዳልሽ አለኝ።

ትንሿ ወረቀቱን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ ተንበረከከች። ቆመው ይሁን መምህር፣ ክብደትዎን ሁለቱም ላይ ያድርጉ አለቻት። የሰው ተረከዝ በእጇ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። ሞቃት ነው፤ ጠርዙ እንደ ቅርፊት ጠንክሯል፤ ትልቁ እግር በጥበት፣ ትንሹ እግር ጥጡን ቆንጥጦ ለመያዝ ሲል ጣቶቹን አጥፏል። እርሳሱን ቀጥ አድርጋ ዙሪያውን ሳለች። ግራው ሃያ አምስት። ቀኙ ሃያ ሦስት ተኩል። ደግማ ለካች። ያው ነው። ተረከዟ ላይ ተቀምጣ ቀና አለች። ፎቶው ላይ ትልቁ ቀኙ ነበር ብላ ስልኳን አሳየቻት። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ አየች። ወረቀቱ የሷ ነው፤ በጠርዙ በኩል የራሷ ሹራብ ቁራጭና አውራ ጣቷ ይታያል። እግሩ ግን የሷ አይደለም።

እንዴት አድርገው አነሱት ብላ ጠየቀቻት። የስልኬ የኋላ ካሜራ መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል አለች መምህርቷ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ እንደ ሴልፊ በፊተኛው አነሳሁትና ፊቴን ቆርጬ ላክሁልሽ። ይህን እያለች እጇ አየር ላይ ቆመ። አፏን በመዳፏ ያዘች። ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ካርታዎች አንዱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ በራሷ ስልክ ፊተኛ ካሜራ ፎቶ አንስታ ስክሪኑን አየች። የባሕሮቹና የተራሮቹ ስም በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ ተጽፏል። ምሥራቅ የነበረው ምዕራብ ሆኗል። መምህርቷ አሮጌ ዴስክ ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትንሿ ያለቀሰች መስሏት ደነገጠች። እየሳቀች ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍልን የፈተንኩት በዚሁ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የመስታወት ምስል። ግራና ቀኝ ይቀያየራሉ፣ መጠኑ አይለወጥም። ግማሾቹን በዜሮ መልሻቸዋለሁ።»

ሳቁ በረደ። ከዚያ መምህርቷ ስልኳን አንስታ ያንን ነገር አሁኑኑ አጠፋዋለሁ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ሻካራ ነገር ጠፍቶ የጥፋተኛ ተማሪ መስላለች። ትንሿ አፏ ላይ የመጣው «እባክዎ ያጥፉት» የሚለው ነው። ግን ቆም አለች። ሠላሳ አራት ሰው ተቀባብሎታል፤ ቢጠፋ ያዩት ሰዎች መጥፋቱን አያዩም፤ ያዩ እንደሆነም ነጋዴዎቹ ለምነዋት ነው ይላሉ። አያጥፉት፣ የሆነውን ከሥሩ ይጻፉበት አለቻት። መምህርቷ ጥቂት አሰበች። ይህን ማድረግ ሰው ፊት ካርቶን ከመክፈት አያንስም። ጻፈችው ግን፤ እንደ አስተማሪ ነጥቧን እየጠበቀች፣ የሰሌዳ ጽሑፍ ያህል ጥርት አድርጋ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ካሜራው ግራዬን ቀኝ አደረገው፣ ጫማ ሰሪው እኔ በላክሁት ልክ ነው የሠሩት፣ ስደውልላቸው ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ልጃቸው ደግሞ ሁለት አውቶቡስ ይዛ መጥታ አሁን እግሬ ሥር ተንበርክካለች። የመጨረሻውን ሲያነቡት ሁለቱም አፈሩ፤ ግን አልሰረዙትም። ደወሉ ሲደወል መምህርቷ ጥጧን መልሳ ጠቀጠቀች። ሌላ ሰው ሲመጣብሽ ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኝ ብሎ በእጁ እንዲጽፍ አድርጊ፣ ፊደል ከተገለበጠ ሕፃንም ያውቀዋል አለቻትና በሩ ላይ ዞር ብላ፣ እርስዎ እርስዎ እያልሽ አታስረጂኝ፣ አንቺ በይኝ አለች።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አባቷ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ የተደነቀው በካሜራው ብቻ ነው፤ እንዴት ሰውን ያህል ነገር ገልብጦ ያሳያል እያለ የራሱን ስልክ እንደ ቢላ አፍ በጥንቃቄ አገላበጠው። አዲሶቹን ወረቀቶች ተቀብሎ የመምህርቷን ጫማ እንደገና ለመቁረጥ ቆዳ ዘረጋ። ለሁለተኛ ጊዜ ዋጋ እንጠይቃት ወይ ስትለው፣ ስህተቱ የማንም ካልሆነ ግማሽ ግማሽ ነው አላት። መምህርቷ በፌስታል የመለሰችላት የቀድሞው ጥንድ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ትንሿ አቧራውን ጠርጋ ፎቶ አነሳችውና እውነቱን ጻፈችበት፤ ቀኙ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ግራው ሠላሳ ሰባት፣ በስህተት የተሠራ፣ እግሩ ያለው ሰው በቆዳው ዋጋ ይውሰደው። እስኪመሽ ማንም አልጠየቀውም። ከተሰረዙት ሁለት ትእዛዞች ግን ይቅርታ ብላ የሰረዘችው ሴት መልሳ ጻፈች፤ አባትሽ አሁንም ይሠሩልኛል ወይ አለች። ያኛው ምንም ሳይል እንደሄደ ቀረ። ትንሿ ስሙን ደጋግማ ካየች በኋላ፣ ሁሉም ሰው አይመለስም ብላ ለራሷ ነግራ ስልኩን አስቀመጠችው።

ወንድሟ የመጣው ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቅ ጀርባ ስትገባ ነው። ሱፍ ለብሷል፣ ቦርሳ ይዟል፤ ሱቁ ውስጥ ሲገባ እንደ ልማዱ ጣሪያውን በዓይኑ ለካ። ሦስቱም አንዳንድ ነገር ተነጋገሩ፤ የልጆቹ ደህንነት፣ የመንገዱ መጨናነቅ፣ የመብራት ቆጣሪው። አባቷ መዶሻውን አላቆመም። መምህርቷ የጻፈችውን አይተሃል ወይ ስትለው ትንሿ፣ አይቻለሁ አለ ወንድሟ፣ ጥሩ ነው፣ ስም ጸድቶ መዝጋት ደስ ይላል። ከዚህ በኋላ የወረደው ዝምታ የተለመደው የቤታቸው ዝምታ ነው፤ እያንዳንዱ ሌላኛው እንዲጀምር የሚጠብቅበት፣ በመጨረሻም ማንም ሳይጀምር የሚበተኑበት። ወንድሟ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ነጋዴው ሊናገር ሲዘጋጅ፣ ሳያስበው ግራ እግሩን ከጫማው መዘዝ አድርጎ በሌላኛው እግሩ ማሸት ጀመረ። ጫማው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከውጭ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ስታስብ የዋለችው ትንሿ ዓይኗ እዚያው ቀረ። የግራው ጫማ ቆዳ ጫፉ ላይ አብጧል፤ የካልሲው አውራ ጣት ሳስቷል። ያምሃል ወይ አለችው። ዓመታት አልፈውታል አለ፤ ሐኪም ጋ ሄጄ ሪህ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል፣ ዕድሜ ነው።

«ሪህ አይደለም» አለ አባቷ። መዶሻውን አቆመ፤ ቀና ግን አላለም። «ግራህ ከቀኝህ በአንድ ቁጥር ይበልጣል።»

ወንድሟ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ከመቼ ጀምሮ አለ። ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ አለው አባቱ። መጀመሪያ ትምህርት ቤት ስትገባ የሠራሁልህ ቡናማው ጫማ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ወንድሟ ሁለቱን እግሮቹን የሌላ ሰው ይመስል አያቸው። በአባቱ እጅ የተሠሩ ጫማዎች ነበሩ እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ድረስ ያደረገው፤ የትምህርት ቤቱ፣ የምረቃው፣ የሠርጉ። ኃላፊ ሲሆን ነው ከሱቅ መግዛት የጀመረው፤ ሰዎች ሲያዩት ማርኩ ይታይ ብሎ። ሕመሙም ከዚያ ወዲህ የመጣ መሆኑን አሁን ገና አሰላው።

«ምነው ታዲያ አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ?» አለ አባቱ። «ጫማህ ይሆንህ ነበር እኮ።»

 የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ሱሪውን እስከ ባቱ ሰብስቦ፣ ካልሲውን አውልቆ፣ ትንሿ ሲሚንቶው ላይ በዘረጋችው ወረቀት ላይ ቆመ። አባቱ ጉልበቱ ሲንቋቋ እየተሰማ ወርዶ ተንበረከከ፤ ትንሿ ልትለካለት እጇን ብትዘረጋ ይሄን እኔ ነኝ የማውቀው ብሎ እርሳሱን ተቀበላት። በግራ እጁ የልጁን ቁርጭምጭሚት ያዘ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ አባቱ እግሩ ሥር ወርዶ ሲያይ የሚያደርገው ጠፍቶት መደርደሪያውን፣ ፎርማዎቹን፣ የተንጠለጠለውን ቆዳ ተራ በተራ ያያል። በዚህ መሃል የኮት ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ። አውጥቶ አየው። ትንሿ ከፊቱ የማን ስልክ እንደሆነ አወቀች። ወደ ውጭ ወጥቶ ሊያናግረው እግሩን ሊያነሳ ሲል አባቱ ጠበቅ አድርጎ ያዘው። እርሳሱ አውራ ጣቱን ሊዞር ነው፣ አትንቀሳቀስ አለው።

ወንድሟ እዚያው እንደቆመ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። ነጋዴው ብዙ አወራ፤ ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ቀለሙ፣ ሰኞ ዕቃ ስለማስገባቱ። ወንድሟ አላቋረጠውም። ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ወደ ታች ወደ አባቱ ሽበት እያየ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለ፤ «ቤቱ ሰው አለበት።»

ስልኩ ተዘጋ። አባቱ የሰማ አይመስልም። የእርሳሱን መስመር ተረከዙ ላይ ገጠመው፣ ብናኙን በትንፋሹ እፍ አለ፣ ከዚያ እግሩን ለቀቀለት።

«ሌላኛውን አምጣ» አለው።